ሦስት ኪሎ መጋረጃ

ዱባይ ያለችውን ልጄን ጠይቄ ስመለስ፣ ባለቤቴ ያዘዘችኝን የሳሎን መጋረጃ ገዛሁላት፤ ነጭ፣ ጠርዙ ወርቃማ። «ማንም ያልነካው አዲስ ይሁን» ብላ አስጠንቅቃኛለች። አየር ማረፊያ ሻንጣዬን የመዘነችው የአገሬ ልጅ ግን፣ «አባባ፣ ሦስት ኪሎ ይበልጣል፤ ወይ ይክፈሉ፣ ወይ ይቀንሱ» አለችኝ። መክፈልማ አልወድም። መጋረጃውን አወጣሁና እንደ ጋቢ ተከናነብኩት። ሻንጣው ልክ መጣ።

«በዚህ ሙቀት ጋቢ?» አለች ሳቋን እየዋጠች።

«የአሰላ ሰው ነኝ ልጄ፤ ሙቀት አላምንም» አልኳት። አሳለፈችኝ።

አሰላ መናኸሪያ ስወርድ ጎረቤቴ ሐጂ ከድር አገኙኝና ጋቢዬን አድንቀው አልጠግብ አሉ። ቤት ከመግባቴ በፊት አጣጥፌ ለባለቤቴ እንደ አዲስ አስረከብኳት።

በሳምንቱ ሐጂ ሊጠይቁኝ መጡ። ገና ከበሩ፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ! ያን የመሰለ ጋቢ መስኮት ላይ ትሰቅላለህ?» ብለው ጮኹ። ባለቤቴ መጋረጃውን አየች፤ እኔን አየች። ገባት። አለቀልኝ ስል፣ ረጋ ብላ፣ «ምን ያድርግ ሐጂ፣ አሰላ እኮ ነው፤ መስኮቱንም ይበርደዋል» አለቻቸው።