የጠፈሩን ታሪክ ሁሉ የቆጠረው

ነይ እስኪ እናኑ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ሸራው በዚያ በኩል ያፈሳል። ከሐሙሲት ድረስ በዚህ ዝናብ መምጣትሽ... እግዜር ይስጥሽ፣ እማሆይ ደብሬስ ለማን ያልደረሱ ነበሩ? እኛማ ከወሬታ በባጃጅ ተነስተን፣ ሹፌሩ ቁሐር ሚካኤል መዳረሻ ላይ ከዚህ ወዲያ ውሃ ነው ብሎ አወረደን። ጫማችንን በእጃችን ይዘን በሩዙ መሀል ነው የገባነው። የዘንድሮ ሩዝ ደሞ እንዴት አምሯል? አረሙ ብቻ ነው ያስቸገረ። ልጆችሽ ደህና ናቸው? ትልቁ ሥራ ያዘልሽ? እሰይ።

ለእማሆይማ ምን ይባላል። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። ዛሬ ሠልስታቸው ነው። አልቃሽ አላነሳቸው፣ ዘመድ አላነሳቸው። የልጅ ልጃቸው እንኳ ከቢሮው ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል... ይኸው ከኋላችን ተቀምጧል። ኧረ አትዙሪ፣ ሥራ ላይ ነው፤ ሐሳቡ ይበተንበታል። ስሙንም አልጠራው። ሰው ስሙ እየተጠራ ሲመሰገን ልቡ ያብጣል፣ እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ማበላሸት አልወድም።

እንዲያው አንቺ ከሩቅ ስለመጣሽ ላጫውትሽ ብዬ ነው። ይኼ ልጅ ምን ያህል አዋቂ መሰለሽ? ፈረንጆች አንድ ተከታታይ ፊልም አላቸው አሉ፣ በጠፈር መርከብ ከኮከብ ኮከብ የሚዞሩበት። ከዚህ ልጅ አባት መወለድ በፊት ተጀምሮ እስከ ዛሬ አላለቀም። አንደኛው ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በሲኒማ የሚታይ አለው፣ በሬዲዮ የሚተረክ አለው፣ በመጽሐፍ የወጣ አለው፣ ለልጆች በሥዕል የተሠራ አለው። ታዲያ የኛ ሰው ምን አሰበ? በውስጡ ያለውን ታሪክ ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ መቁጠር። በፎገራ ምድር ይኼን ማን አስቦት ያውቃል? እኛ ከብታችንን ቆጥረን በረት ከማስገባት በቀር ምን እናውቃለን።

ሥራው ቀላል እንዳይመስልሽ። አንዱ ታሪክ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሳምንት ቢታይ፣ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ተዋናዩ ታሞ መሀል ላይ የቀረው ይቆጠራል ወይስ ይጣላል? ፊልሙ ተቃጥሎ ወሬው ብቻ የተረፈውስ? በዚህ ሁሉ የዓለም ሰው በቴሌግራም ተሰብስቦ ይከራከራል አሉ፤ የኛም ሰው በመካከላቸው እንደ ዳኛ ነው። የመርከቡን አለቃ ዘር ብትጠይቂው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፣ ከዚያም ወዲያ ያሉትን ያወርድልሻል። ገና ወደፊት የሚወለደውን የልጅ ልጁን ሳይቀር ያውቀዋል። በጠፈሩ እንዲያ ነው አሉ፣ ያልተወለደው የልጅ ልጅ ዘመን አቋርጦ ይመጣና አያቱን ይጠይቃል... ይጠይቃል እኮ፣ እናኑ። ያን ሁሉ ኮከብ አቋርጦ።

የእህቴን ልጅ ማህደርን ታውቂያት የለ? ወሬታ የምታስተምረውን። ይኼው ልጅ እሷን ወዶ፣ ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ታጭዶ እንዳለቀ፣ ሽማግሌ ላከ። ልጅቷም ወዳው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ። እኔም አክስቷ ወለላ፣ የተማረ ነው፣ ጨዋ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌው ተቀመጠ፤ እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠር ተባለ። የማህደር ቅድመ አያት ከዚሁ ከቁሐር የሄደች ናትና፣ ዘመዳሞች ሆነው ቢገኙ ጋብቻው አይሆንም። የኛን ወገን ቄስ እንግዳው አንድም ሳያዛንፉ ቆጥረው ጨረሱ። ተራው የሱ ሆነ። እሱም ራሱን ጠራ፣ አባቱን ጠራ፣ አያቱን ጠራ... ከዚያ ቀና ብሎ የቤቱን ጣራ ማየት ጀመረ። ጎበዝ ነው አላልኩሽም? እስከ አያት መድረስ እኮ ቀላል አይደለም።

ሽማግሌዎቹ አልተቆጡም። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበታል፣ የሚነግረው አላገኘም ብለው አዘኑለት። እማሆይ ደብሬ አሉ አይደል፣ ሄደህ ተቀበልና ና አሉት። የዚህን አገር ዘር የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ ሊጋባ የተነሳ ሁሉ መጥቶ ከደጃቸው ይቀመጥ ነበር። ሥርዓትም ነበራቸው፤ የሰውን ቤት ቆጠራ ለባለቤቱ እንጂ ለሌላ አይሰጡም። ማህደር ራሷ ሄዳ ለምናቸዋለች። የሷን ቤት ለሷ እንደሚነግሯት፣ የሱን ቤት ግን ለሱ ብቻ እንደሆነ አስረዷት፤ በሽማግሌ ፊት የሚምልበት እሱ ነውና። ላኪልኝ ብለው፣ መርቀው ሸኟት።

ከወሬታ ቁሐር ምን ያህል ነው? ለኔና ላንቺ ቅርብ ነው። ከኮከብ ኮከብ ለሚዞር ሰው ግን መንገዱ ይጠፋዋል መሰለኝ፣ አይፈረድበትም። ገናን ላሳልፍ አለ። ጥምቀት አለፈ። ጾሙ ገባ። ማህደር ስትለምነው፣ ቆጠራው መሀል ላይ ነኝ፣ አሁን ካቋረጥኩት ይምታታብኛል ይላት ነበር። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ታስቦ ነበር፤ ያም አለፈ። ቀሚሷን አሰፍታ ጨርሳ ነበር እኮ። ሰው ሠርጉ መቼ ነው ሲላት፣ አንገቷን ደፍታ ቅርብ ነው ትል ነበር። እሱ ደግሞ በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ ነገር ፈረደ አሉ፤ ለሁለት የተከፈለው ታሪክ እንደ አንድ ይቆጠራል ብሎ። እሰይ፣ እንኳን አስታረቃቸው።

እማሆይ እዚህ ሆነው ይጠብቁታል። ልጁ ሳይመጣ እንዳይጠፋኝ እያሉ፣ ጠዋት ጠዋት ዳዊታቸውን ደግመው ሲያበቁ የአባቶቹን ስም በልባቸው ይደግሙት ነበር አሉ። የባጃጅ ድምፅ በሰሙ ቁጥር፣ እሱ ይሆን እንዴ፣ እስኪ እዩልኝ ይላሉ። የሚመጣው ግን ሌላ ሰው ነው።

ኋላ ታመሙ። ያን ጊዜስ መጣ፤ አልዋሽበትም፣ መጣ። ማህደር አብራው ነበረች፤ ይኼን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። እማሆይ ሲያዩት ፊታቸው በራ። ደግፉኝ ብለው ቀና አሉ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ይውጣልኝ ብለው ማህደርንም አስወጧት። ታዲያ ሊጀምሩ ሲሉ የኛ ሰው ምን አደረገ መሰለሽ? ዘመናዊ አይደል? አሮጊት ማድከም አልፈለገም። ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፅ መቅጃውን ከፍቶ፣ ከትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠው።

"ለሱ ይንገሩት እማሆይ፣ እሱ አይረሳም" ብሏቸው ወጣ።

ወዴት ወጣ ብትይኝ... ወደ ደጅ ነዋ። ሌላኛውን ስልኩን ይዞ ኔትወርክ ፍለጋ። ለካ አዲስ ታሪክ የወጣበት ዕለት ኖሯል። ማህደር በሩ ላይ ቆማ የእማሆይን ድምፅ ትሰማለች፤ ቃሉ አይለያትም። እየተነፈሱ፣ እያረፉ፣ ከስም ወደ ስም ይወጣሉ። ለስልኩ ሲነግሩት እንኳ መሀል መሀሉን "ልጄ" ይሉት ነበር አለችኝ። ይኼን ስትነግረኝ ነው እኔ ያለቀስኩት፤ ለቀብሩ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ጨርሰው ዝም ሲሉ ገብቶ ስልኩን አነሳ። ስልኩ ገና ከመጀመሩ ሞልቻለሁ፣ ቦታ የለኝም ብሎ አቁሟል። በምን ሞላ ትይኛለሽ? በኮከቦቹ ነዋ። እሱ ደግሞ ሳያውቅ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው ጠዋትም መጥቶለት፣ ማህደር ባጃጁ ውስጥ አንዱን ፊልም ብቻ አጥፋው ብላ ለምናው ነበር። ገና ያልቆጠርኩት ነው፣ አይጠፋም አላት። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? የሰባት ቤት አባቶቹን ስም ተነግሮት፣ በእጁ የቀረው "ስማኝ ልጄ" የሚለው ብቻ ሆነ።

ማህደር በል አሁኑኑ ይድገሙልህ ስትለው፣ እማሆይ ደክሟቸው እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ነገ ይደግሙልኛል አለ። ሲነጋ አልነበሩም።

ከቀብር መልስ ሽማግሌዎቹ እዚያ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ሌላ የሚያውቅ ሰው በየመንደሩ ተጠየቀ፤ ጠፋ። ቄስ እንግዳው ዕንባቸው እየመጣ፣ ባልተቆጠረ ቤት ላይ ቡራኬ አልሰጥም፣ ወንድምና እህት ባጋባ እግዜር ምን ይለኛል አሉ። ፈረሰ። ማህደር እዚያ ጓዳ ከሴቶቹ ጋር ናት። ሰው ለእማሆይ የምታለቅስ መስሎት ያጽናናታል። ለእማሆይ ብቻ ነው? ሌላ ሰው ለጋብቻ ጠይቋት ኖሮ፣ እሱን ነው የምፈልግ ብላ የመለሰችው ለዚህ ነበር? ልቤ ነው የሚቃጠል፣ እናኑ። ምነው እዚያ አልጋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቢቀመጥ? ምን ይቀርበት ነበር?

ግን ተይው፣ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ቆጠራው አለቀለት። ትናንት ነው አሉ ያለቀ፣ እዚሁ ድንኳን ውስጥ። አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያዩት ሽማግሎች፣ ለአያቱ ዳዊት እየደገመ ነው ብለው መረቁት። ስንት ሆነ ብለሽ እንዳትጠይቂው፤ አንድ የሚያከራክር ቀርቷል አሉ። በቴሌግራም ያሉት ወዳጆቹም ሐዘኑን ሰምተው ጽፈውለታል፤ ባለመዘግየቱም አመስግነውታል። አያት በሞተች ሦስት ቀን ሳይሞላ ሥራን ጨርሶ መገኘት ለሁሉም አልተሰጠም።

በይ ተነሺ፣ ሳናጽናናው ብንሄድ ነውር ነው። ወደዚህ ዙሪ... አትነሳ ልጄ፣ አትነሳ፣ ተቀመጥ። እግዜር ያጽናህ። የእማሆይን ዕድሜ ይስጥህ። እንደሳቸው ሸምግለህ፣ የምትናገረው ሞልቶህ፣ አልጋህ ላይ ሆነህ በር በሩን ስታይ... አንተኑ የመሰለ፣ ቁርጥ አንተን የሆነ የልጅ ልጅ ይላክልህ።