የገለቦ ዋካ

(ኮንሶ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ኩሲያ፣ የወንድማቸው ልጅ ዶርቃስ ፊልሟን በምታቀናብርበት ክፍል ከእሷ ጋር ይከራከራሉ፤ ፊልሙ ለመንደሩ ሰው ሊታይ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ኩሲያን እንቅልፍ ከነሳቸው ግን ሰንብቷል።)

ኩሲያ፦ ቁረጪው አልኩሽ እኮ። አንድ ነገር ስንት ጊዜ ይነገራል?

ዶርቃስ፦ ፓስተሩ ላኩዎት አይደል? «ዋካ ጣዖት ነው፣ ይውጣ» እያሉ እኔንም ሲጨቀጭቁኝ ሰነበቱ። ጀግና ሲሞት መልኩን በእንጨት ጠርቦ መቃብሩ ላይ ማቆም ምኑ ነው ጣዖት? ለአያቴ ለገለቦ ዋካ ማን ሰገደለት?

ኩሲያ፦ የላከኝ የለም። ስለ ዋካው ያሻሽን በዪ። ኦርካይዶን ያነሳሁበትን ብቻ አውጪልኝ።

ዶርቃስ፦ «የአባቴን ዋካ ሰርቆ ለነጋዴ ሸጠው» ያሉበትን? አገር ያወቀውን?

ኩሲያ፦ ሰውየው ሞቷል። ሙት ወቃሽ አታድርጊኝ።

ዶርቃስ፦ ከመንደር ሲያባርሩት በሕይወት ነበር።

ኩሲያ፦ ተይኝ ልጄ።

ዶርቃስ፦ አልተውዎትም፤ ግራ የገባኝ ነገር አለ። ማሳዎ ላይ ስቀርጽዎት፣ ሦስተኛዋ እርከን ጋ ሲደርሱ ባርኔጣዎን አወለቁ። ማሽላም አልተዘራባትም። ኮንሶ ደግሞ እርከን ጦም አያሳድርም።

ኩሲያ፦ ይሄንንም አየሽ?

ዶርቃስ፦ እዚያ ምን አለ፣ አጎቴ?

ኩሲያ፦ አባቴ።

ዶርቃስ፦ ዋካው?

ኩሲያ፦ ጌታን የተቀበልኩ ሰሞን «ምስሉን ካላቃጠልክ አትጠመቅም» አሉኝ። በሌሊት ነቀልኩት። እሳት ልለኩስበት ስል ዓይኑን አየሁት፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቀበርኩት። ለእነሱ «አቃጠልኩት» አልኩ። መንደሩ ሲጠይቀኝ ደግሞ... ኦርካይዶ በዚያው ሳምንት ከነጋዴዎች ጋር ታይቶ ነበር።

ዶርቃስ፦ ለሁለቱም ዋሹ።

ኩሲያ፦ ለሁለቱም። ከሁለት ያጣ ሆኜ ቀረሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ይኸው ሃያ ዓመት አደረ።

ዶርቃስ፦ ሰውየው ጂንካ የሰው ማሳ ሲቆፍር ሞተ። ልጆቹ ዛሬም «የሌባ ልጆች» ነው የሚባሉት።

ኩሲያ፦ አጣሁት ብለሽ ነው? ትንሿ ልጁ ገበያ ላይ ስታየኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አፍራለሁ፣ ዶርቃስ።

ዶርቃስ፦ እሺ፣ እቆርጠዋለሁ። ለሦስተኛ ጊዜ ይዋሹ፤ አሁን እኔም አግዤዎት።

ኩሲያ፦ ቆይ። አትንኪው፣ እንዳለ ይታይ። የኦርካይዶን ልጆች ከፊት አስቀምጪያቸው፤ እኔ ዶማ ይዤ እመጣለሁ።