የለመደ ውሻ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ አባት ከሴት ልጃቸው ጋር ከፊቴ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ የጤና ተማሪ መሆኗን ከንግግራቸው ተረዳሁ።

«አባዬ፣ የጨጓራዎ ካንሰር ድንገት አልመጣም። ያመጣው ባክቴሪያ ሆድዎ ውስጥ ለዓመታት ኖሯል።»

«እኔ የጾም ቃጠሎ ነው ብዬ ፌጦ ስጠጣ ኖርሁ።»

«ሰውነታችን በሽታን የሚዋጉ ሴሎች አሉት። ባክቴሪያው ሲቆይ ግን አንዳንዶቹ ይዳከማሉ፤ ካንሰሩንም መከላከል ይሳናቸዋል።»

«ሌባ ፍርፋሪ እየጣለ እንዳለመደው ውሻ ነው በይኛ!»

«እንደዚያ ነው።»

«አሁንስ አይጮህም?»

«ሐኪሞቹ ሊያነቁት ይሞክራሉ። ይድናሉ ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«እናትሽም በየጾሙ ፌጦ ትጠጣለች።»

«አውቃለሁ።»

«ደውይላት። ነገ መጥታ ትመርመር።»

«ባክቴሪያው ብቻ ከሆነ በመድኃኒት ይጠፋል።»

«እንግዲያውስ ቶሎ በይ! የእኔ ውሻ ለምዷል፤ የእሷ ገና ይጮህ ይሆናል።»

«ሥራ አለብኝ ብላ እምቢ ካለችስ?»

«አባዬ ፈሩ በያት። ፈርቼ አይታኝ አታውቅም፤ ትመጣለች።»

እኔም ለቃር ማስታገሻ ብዬ ከኪሴ ያወጣሁትን ክኒን ሳልውጠው መለስሁት።