የታተመው ውይይት

ወጣቷ መምህርት ከሕትመት ክፍሉ ስትወጣ ከአጎቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። እሳቸውም በዚያው ትምህርት ቤት ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ናቸው። ተማሪዎቻቸው በቡድን የሚወያዩበትን የኢንተርኔት ገጽ የከፈተችላቸው እሷው ነበረች። አሁን በእጃቸው አንድ ክምር ወረቀት ታቅፈዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ያንቺ ውይይት ነዋ! አሳትሜ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት።»

ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስረዳቻቸውን ውሃ በላው።

«እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው እኮ የሚነበበው! ሲታተም ማን ምን እንደጻፈ አይታይም።»

«ማን እንደጻፈማ ጠፍቶኝ ነው? ክፍል ውስጥ የሚናገረውን ልጅ አውቀዋለሁ።»

የሚናገረው፣ ጓደኞቹ «ጠበቃው» የሚሉት ልጅ ነው፤ ከሃያ ሃያ አግኝቷል። ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ ግን ዜሮ ተሰጥቷታል። በዚህ ዜሮ ክፍል ልትደግም ነው።

«አንድ ቀን አፏን ከፍታ አታውቅም» አሉ አጎትየው። «ውይይት ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው፣ ልጄ።»

«አርባ አምስት ተማሪ በአርባ ደቂቃ? አንዱ ያወራል፣ ሌላው ያዛጋል! በሞቴ ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ይዩት።»

አዋቂን ሰው አንድ ነገር አራት ጊዜ ማስረዳት ሕፃን ከማስተኛት ይከብዳል። ቢሆንም መምህራን ማረፊያ ወስዳ አስቀመጠቻቸውና ገጹን ከፈተችው። የውይይቱ ጥያቄ «ወንዛችን ለምን ቆሸሸ?» የሚል ነበር። ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን የጸሐፊው ስም ወጣ። ጠበቃው በሦስት ሳምንት የጻፈው «እኔም እስማማለሁ» ብቻ ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ። ዝምተኛዋ አሥራ አንድ ሐሳብ ጽፋለች። «ፋብሪካው ከመምጣቱ በፊትስ ወንዙ ንጹሕ ነበር?» ብላ የጠየቀችውም እሷ ናት። አጎትየው ወረቀቱ ላይ «ግሩም!» ብለው ያሰመሩበት፣ የጠበቃው መስሏቸውም ለእሱ ማርክ የሰጡበት ጥያቄ ነው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት።

«ለካ ይቺ ልጅ ስታወራኝ ነው የከረመችው!»

«እሱን እኮ ነው የምለው! ዝምተኛው አስቦ ይጽፋል፣ ታሞ የቀረው ከቤቱ ይሳተፋል፣ እርስዎም ማን እንደለፋ ያያሉ። አፍ ያለው ደግሞ ክፍል ውስጥ ያውራ፤ ማን ከለከለው?»

አጎትየው ዜሮውን ሰርዘው አሥራ ዘጠኝ ጻፉ። ከዚያ ኪቦርዱን ሳብ አድርገው፣ ከልጅቷ ጥያቄ ሥር በአንድ ጣት እየፈለጉ መጻፍ ጀመሩ። መምህርቷ ነጥቃ ልትጽፍላቸው እጇን እየበላት እንደምንም ቻለችው። በመጨረሻ አረፍተ ነገሩ ሞላ፦ «ሳላነብሽ ነው ዜሮ የሰጠሁሽ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄን ክፍሉ በሙሉ ያየዋል እኮ።»

«ይየው። ዜሮዋንም ያነበብኩት ክፍሉ በሙሉ እየሰማ ነው።»