መንፊያውን በር ላይ ትቼልሻለሁ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቼ፣ የተከበራችሁ ሼሆቻችን፣ እናቶቼ፣ ከከላላ በእግርም በበቅሎም የመጣችሁ ዘመዶች፣ እንዲሁም ከሁሉ ቀድማችሁ የዛፉን ጥላ የያዛችሁ የእድራችን ሹማምንት፤ እግዚአብሔር ያጽናን። አላህ ሶብሩን ይስጠን።

ከመጀመሬ በፊት፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ አንድ ኃጢአት መናዘዝ አለብኝ። የእድራችን ጸሐፊ ጋሼ ውበቱ የጋሼ አስናቀውን የሕይወት ታሪክ በሦስት ገጽ ጽፈው፣ “ድምፅሽ ጥሩ ነው፤ አንብቢ” ብለው ሰጥተውኝ ነበር። ወረቀቱ አልጠፋም። ጫማዬ ውስጥ ነው። ጫማው የእህቴ ነው፤ ሰፍቶኝ በየርምጃው እየወለቀ አስቸገረኝ። ጋሼ ውበቱ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ የእርስዎ ጽሑፍ ነው።

አንብቤዋለሁ ግን። ሁለት ጊዜ። “ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለእድራቸው ተቆርቋሪ” ይላል። ባለፈው ወር እትዬ የሻለምን ስንቀብርም የተነበበው ይኸው ነበር፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በሦስት ገጽ ውስጥ ብስክሌት የሚል ቃል የለም። አንድ እንኳ።

ጋሼ አስናቀው ያለ ብስክሌት ማን ናቸው? እስቲ አንዳችሁ ንገሩኝ።

ሠላሳ ዓመት በመንገድ ሥራ የዚህን አገር መንገድ ጠጠር ሲያለብሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ በወሩ ከደሴ፣ አውቶብስ ጣሪያ ላይ፣ ብስክሌት አስጭነው መጡ። “ያነጠፍሁትን ጠጠር እስቲ ልቅመሰው” አሉ። ቀመሱት። በቅዳሜ ገበያ፣ ሽንኩርት ተራ መሀል፣ በጥርሳቸው። ሁላችሁም ነበራችሁ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔም የተበተነውን ሽንኩርት እየለቀምሁ ሳቅሁ። ጋሼ ውበቱ፣ “አንተ ሰውዬ፣ በቅሎ ጠፋ?” አሏቸው። ጋሼ አስናቀው ከመሬት ሳይነሱ ምን ብለው መለሱ?

“በቅሎ ገብስ ትፈልጋለች። ይቺ የምትበላው ነፋስ ብቻ ነው።”

ነፋስ ብቻ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ደብተር ነበራቸው። ሽፋኑ ላይ “የውሃ ዳር መንገዶች” የሚል ተጽፎበታል። ወደ ወለቃ ወንዝ የሚያወርደው ኮረኮንች የት ላይ እንደሚላላ፣ የቱ ዳገት ሰው እንደሚያስወርድ፣ የትኛው ቤት ውሻ፣ የትኛው ቤት ቀዝቃዛ ውሃ እንዳለ፣ ሁሉም ሰፍሯል። “መንገድ ማለቅ ያለበት ውሃ ዘንድ ነው” ይሉ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ሐይቅ ነው፤ ከደሴ ማዶ ያለው። ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን ብለውን ነበር። ገጹ ላይ ያለው ርዕስ ብቻ ነው።

እኔና ጓደኛዬ ፈይዛ ብስክሌት አግኝተን “እንከተልዎት” ስንል ግን አገር ተነሳ። አስታወሳችሁ? ሴት ልጅ! ብስክሌት ላይ! ሦስት ሰዓት ሙሉ ተሰበሰባችሁ። የተነሣው ሁሉ ስለ እግራችን ተናገረ፤ ስለ ዳገቱ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ጋሼ አስናቀው መጨረሻ ላይ ተነሡ። “ሠላሳ ዓመት ጠጠር ሳነጥፍ፣ ወንድ ብቻ ይሂድበት የሚል ታፔላ የትም አልተከልሁም” ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ረጅሙን ንግግር ያደረጉትን አባት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አገኘኋቸው። ብስክሌቷ ላይ። ጋሼ አስናቀው ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ይሮጣሉ። አባት ይጮኻሉ፤ “አትልቀቀኝ! አስናቀው፣ በእመቤታችን፣ አትልቀቀኝ!” ስም አልጠራም። ጫማዬ ውስጥ ያለውን ወረቀት የጻፉት ሰው ናቸው፤ ከዚያ በላይ አልናገርም።

ጋሼ አስናቀው አንድ ሕግ ነበራቸው። ወንዝ የደረሰ ሁሉ ከዳርቻው አንድ ጠጠር በኪሱ ይዞ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ መጀመሪያ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ይጥለዋል።

“ጋሼ፣ በአንድ ጠጠር ምን ይሞላል?” አልኋቸው አንድ ቀን።

“ነገም ትመጪያለሽ አይደል?” አሉኝ።

ትናንት ድንኳን ውስጥ “የበላቻቸው ይቺ ብስክሌት ናት” ተባለ። ብስክሌቷ ከግቢ ትውጣ፣ ልጆቹም ሁለተኛ ወደ ወንዝ እንዳይወርዱ ተባለ። ሁላችሁም ልክ ነው አላችሁ። እኔ ጥግ ላይ ነበርሁ።

አባቶቼ፣ ኃጢአቴ የወረቀቱ አይደለም። ያቺ ትንሿ ናት። ትልቋ ይቺውላችሁ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከእሳቸው ጋር ወለቃ ልወርድ ቀጠሮ ነበረኝ። ፈይዛን አሟት ነበር፤ የምከተላቸው እኔ ብቻ ነበርሁ። በራችን ላይ ቆመው የብስክሌቷን ደወል ሁለት ጊዜ መቱ። ብርድ ልብሱ ሞቆኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ምነው በኖረኝ! ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ “ጋሼ፣ ጎማዬ ተንፍሷል!” ብዬ ጮህሁ።

ጎማዬ ደህና ነበር።

“አብሽሪ” አሉኝ። “መንፊያውን በር ላይ ትቼልሻለሁ። ነፍተሽ ድረሽብኝ።”

ያላቸው መንፊያ አንድ ነው።

ወንዙ ደረሱ። ሲመለሱ እሾህ ጎማቸውን ወጋው። ዳገቱ ላይ ያገኛቸው ብስክሌት ጠጋኙ ሙሐመድአሚን ነው፤ ይኸው ቆሟል፣ ጠይቁት። ጎማው ተለጥፎ ነበር። እንደ ልማዳቸው፣ አጽድተው፣ አጥብቀው ለጥፈውታል። የቀረው ነፋስ ብቻ ነው። ያንን ዳገት በቀትር ፀሐይ ብስክሌቷን እየገፉ ወጡት። እስከ ግማሹ። መንገዱ ዳር ተቀምጠው አገኛቸው። ኪሳቸው ውስጥ ሁለት ጠጠር ነበር።

ሁለት። አንድ ሰው፣ አንድ ጠጠር ነው ሕጉ። ሁለተኛው የማን ነበር?

ሐኪሙ “ልባቸው ነው፤ አልጋ ላይ ቢሆኑም አይቀርላቸውም ነበር” አለ። ይሆናል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። “ድረሽብኝ” ካሉኝ በኋላ ስንቴ ዞረው አዩ? በየመታጠፊያው ቆመው ጠበቁኝ? ወንዙ ዳር ተቀምጠው ስንት ሰዓት ቆዩ? ድረሽብኝ አሉኝ። አልደረስሁም። ድረሽብኝ አሉኝ። ተኝቼ ነበር።

ስለዚህ ብስክሌቷን አትክሰሱ። መንገዱን አትክሰሱ፤ እሳቸው ያነጠፉት ነው። ወንዙንም ተዉት። ያቺ ብስክሌት የጠየቀችው ነፋስ ብቻ ነበር። እሱም እኛ ቤት በር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። የምትቆጡት ካለ፣ ይኸው አለሁ። የእህቴን ጫማ አድርጌ ቆሜያለሁ።

እትዬ ካሰች፣ አርባ ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል። ትናንት እግርዎ ላይ ልወድቅ መጥቼ፣ “ይቺ ልጅ አልቅሳ ልትሞት ነው” ብለው ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት። ሳልነግርዎት ጠጣሁት።

ጋሼ አስናቀው፣ እንግዲህ ይሂዱ። ካህናቱ የሚሄዱበት አገር ዳገት የለበትም ይላሉ። ሼሆቹ ደግሞ ከሥሩ ወንዝ ይፈስሳል ይላሉ። በሌላ ነገር ሲከራከሩ ኖረው፣ በዚህ ከተስማሙ እውነት መሆን አለበት። ቀስ ብለው ይንዱ። በየመታጠፊያው ዞረው አይዩ፤ አንገትዎን ያምዎታል። አንድ ቀን ሁላችንም እንደርስብዎታለን፤ ጋሼ ውበቱም፣ ኮርቻውን የሚይዝላቸው ከተገኘ።

መንፊያዎን ግን አምጥቼዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ነጠላዬ ሥር ነው። አፈሩ ሳይመለስ፣ ይኸው፣ ከጎንዎ ላኑረው…

“ጸደንያ!”

አቤት፣ እትዬ ካሰች።

“እዚያ አትጣይው። አምጪው ወዲህ። የብስክሌቷ ጎማ ገና እንደተኛ ነው።”