የጠጠር ዓሣ

አዛውንቱ ቲኒዬሉ የጠዋቱን የዓሣ ድርሻቸውን አንጠልጥለው ከባሕሩ ዳር ሲመለሱ፣ የሕፃናቱን መምህርት ሉሲያን ከረጢት ሙሉ ጠጠር ተሸክማ መንገድ ላይ አገኟት። የልጅ ልጃቸውን ማሊያን ከእሷ ዘንድ ሊያስወጡ ቆርጠው ስለነበር መገናኘቱ ደስ አሰኛቸው።

«ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«የዛሬ ትምህርት ነው፣ አባባ።»

«ድንጋዩ?»

«አዎ፣ ድንጋዩ።»

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። አሟት እንደሆነ ብለው ፊቷን አዩ፤ ደህና ናት።

«ስሚ ልጄ፣ እኔ ፊደል የለየሁት በዜማ፣ እየተኮረኮምኩ ነው። ማሊያን ግን ምን ተማርሽ ስላት ‹ተጫወትን› ነው መልሷ። ጨዋታማ እቤቷስ መች ጠፋ! ከነገ ጀምሮ እኔው አስተምራታለሁ።»

«ገብተው ይዩና ካልጣመዎት እጇን ይዘው ይሂዱ።»

ሳያዩ መፍረድ የሚያኮራው ሰው ብዙ ነው፤ ቲኒዬሉ ቢያንስ ተከትለዋት ወደ መማሪያ ክፍሉ ገቡ።

ሉሲያ ጠጠሩን ለልጆቹ አከፋፈለች። ውስጥ ወንበር የለም፣ ሰልፍ የለም። አንዱ በኮኮናት ቅርፊት ውኃ ይገለብጣል፣ ሌላዋ ምንጣፍ ላይ ተኝታ ለአሻንጉሊቷ ታወራለች።

«ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?»

«ጀምሯል እኮ።»

«የቱ ጋ?»

ሉሲያ ወደ ማሊያ ጠቆመች። ልጅቷ ዛጎሎች ወለሉ ላይ በተነጠፈው አሸዋ ደርድራለች፤ እያንዳንዱ ዛጎል አንድ ቤት ነው፣ ጠጠሩ ዓሣ። ሽማግሌው ይህንንስ ያውቁታል፤ መንደሩ ያጠመደውን በነፍስ ወከፍ የሚካፈልበት ኢናቲ ነው። አከፋፋዩም ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ እሳቸው ናቸው። ማሊያ ለጎረቤታቸው ለፔሎ ቤት አራት ጠጠር ስታስቀምጥ አላስቻላቸውም።

«ሦስት ነው!»

«አራት ነው፣ አያቴ።»

«እኔን ልታስተምሪ? ባልና ሚስት፣ አሮጊቷ። በቃ!»

«ሕፃኑስ?»

«የምን ሕፃን?»

«ትናንት የተወለደው ነዋ! ሲያለቅስ አልሰማህም?»

«አያትሽ የሕፃኑን ዓሣ ሊበሉበት ነው!» አለ አንዱ፤ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ቲኒዬሉ አልሳቁም። ጠዋት ለፔሎ ቤት የሰጡት ሦስት ነበር። በኢናቲ ደግሞ የተወለደ ሁሉ ድርሻ አለው።

«ይህን ማን አስተማራት?»

«ልጆቹ ራሳቸው ይጣላሉ፣ ይከራከራሉ፣ እንደገና ይቆጥራሉ። እኔ ጠጠሩን ብቻ ነው ያመጣሁት።»

«ፊደሉስ?»

«ከየዛጎሉ አጠገብ ይዩ። ቤቶቹ እንዳይምታቱባት የየባለቤቱን ስም መነሻ ፊደል አስጽፋኛለች፤ አሁን ራሷ ትጽፋለች።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ፊደል አገኙ። ተንጋድዷል፤ ግን የእሳቸው ነው።

«ታዲያ እኔ ጠዋት የሠራሁት ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

 ነገሩ ግልጽ ነው። የሚጫወት ልጅ የሚቆጥረው በምክንያት ነው፤ ተራ ይጠብቃል፣ ይሟገታል፣ ሲሳሳት ያርማል፣ ጎረቤቱንም አይዘነጋም። በኩርኩም የተሸመደደ ቁጥር ግን አንድ ሕፃን ሊያስረሳ ይችላል።

ሽማግሌው ለመሄድ ሲነሡ ማሊያ ሊወስዷት መስሏት ፊቷ ጠቆረ።

«አንቺ ቁጭ በይ» አሉ። «ሥራሽን ጨርሺ።»

ከራሳቸው ድርሻ ትልቁን ዓሣ መርጠው ወደ ፔሎ ቤት ሄዱ።