በሰሌዳው ላይ ሁለት የውሃ ስሞች

በ1998 ዓ.ም. በአንድ የጥቅምት ጧት መምህርት ወለተሰንበት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተነስታ ልደታ ወደሚገኘው ትምህርት ቤቷ እየሄደች ነበር። ርእሰ መምህሩ ትናንት «ፖለቲካ ታስተምሪያለሽ ተብለሻል፤ ጧት ቢሮ ቅረቢ» ብለዋታል። ዓመቱ ደግሞ ከምርጫው ግርግር ወዲህ ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት ነበር። መታጠፊያው ላይ ከከሳሿ ከወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ከአቶ ተክለጻድቅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ተክለጻድቅ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ልጄ፣ ክፉ አስቤልሽ አይደለም። የልጅ ልጄ ማሂ ‹ውሃ በኦሮምኛ ቢሻን ነው፤ ቲቸር ሰሌዳ ላይ ጻፈችልን› ብትለኝ ደነገጥኩ። ዛሬ በቃል ይጀመራል፣ ነገ ‹የማን ወገን ነህ?› መባባል ይከተላል። በዚህ ክፉ ጊዜ ልጆቹን ለምን ትለያያቸዋለሽ?»

«ስጋትዎ ይገባኛል፤ እኔም እፈራለሁ። ግን ለምን እንደጻፍኩት ይስሙኝ። ኩማ የሚባል በቅርቡ ከገጠር የመጣ ተማሪ አለኝ። ጠምቶት ‹ቢሻን› ሲል ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፤ እኔም አልገባኝም። በእረፍት ሰዓት ጠፋ። ስንፈልገው ውለን ያገኘነው ሜክሲኮ አደባባይ፣ መኪና መሀል ቆሞ ሲያለቅስ ነው። ሰው ‹ቤትህ የት ነው?› ቢለው ምን ብሎ ይመልስ? ሳስበው አሁንም ልቤ ይርዳል።»

ለሽማግሌው ማሂን የሚያህል ሕፃን በመኪኖቹ መሀል ታያቸው።

«ታዲያ አማርኛውን አስተምሪዋ!» አሉ።

«እሱንማ እያስተማርኩት ነው። የእሱ ቃል ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ወዲህ አፉን ፈታ፤ አማርኛ ማንበብ ጀምሯል። ከጎኑ ተቀምጣ የምታስነብበው ደግሞ ማሂ ናት። የለያያቸው ሳቁ እንጂ ቃሉ አይደለም።»

«ማሂ? ይህንንስ አልነገረችኝም።»

«ተቆጥተዋት ይሆናላ» አለች፣ ፈራ ተባ እያለች።

ወለተሰንበትን ከክሱ ይልቅ ያስፈራት ብቻዋን መሆኗ ነበር። ሥልጠና የሰጣት፣ ‹በርቺ› ያላት ማንም የለም። ደጋፊ ያጣ መምህር ገና ሳይከሰስ ፍርሃቱ ይጥለዋል።

አብረው ትምህርት ቤት ሲደርሱ የርእሰ መምህሩን ቢሮ በር ያንኳኩት አቶ ተክለጻድቅ ራሳቸው ነበሩ። «ክሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ፈርጄአለሁና አነሳዋለሁ» አሉ።

ርእሰ መምህሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከላይ ቢጠይቁንስ?» አሉ።

«መጥተው ክፍሉን ይዩ እላቸዋለሁ» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «ሳይሸማቀቅ የሚማር ልጅ ከትምህርት ቤት አይጠፋም፤ አማርኛውንም ቶሎ ይይዛል። የጓደኛውን ቋንቋ የለመደም ሲያድግ ጓደኛውን አይፈራም። መምህራኑን ብቻቸውን አንተዋቸው፤ ኦሮምኛም ስልጥኛም የሚያውቁ ወላጆች እየመጡ እንዲያግዟቸው ኮሚቴው ይጠራል።»

ርእሰ መምህሩም «እንሞክረው» አሉ።

ወለተሰንበት ክፍል ገባች። ጠመኔ አነሳች፤ ‹ዳቦ› ብላ ጻፈችና «ኩማ፣ እናንተ ቤት ይህን ምን ትሉታላችሁ?» አለችው።

ኩማ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበና ዓይኑ በራ።

«ቲቸር፣ እኛም ዳቦ ነው የምንለው!»